ታሪክ የተነፈገ ግብረ ገብ፤ የኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ የተማሪ መጻሕፍትና የአምቦና የወንጪ አካባቢ ልጆች

በኤርትራ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት አስተዳደር የትምህርት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1938 ለአገሬው ተወላጆች ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን በምሥጢር ያስተላለፈው መመሪያ፣ አንድ ኤርትራዊ ተማሪ አራተኛ ዓመቱን ሲፈጽም ሊኖረው የሚገባውን እውቀት በአራት ነገሮች ወስኖት ነበር። ተማሪው የኢጣሊያን ቋንቋ በመጠኑ ይናገር፤ አራቱን መሠረታውያን የሒሳብ ስሌቶች በተለመደው ልክ ይወቅ፤ የጤና አጠባበቅን ደንብ ከልቡ አምኖ ለሌላው የሚሰብክ ይሁን፤ ከታሪክ ግን ኢጣሊያን ታላቅ ያደረጉትን ሰዎች ስም ብቻ ይወቅ የሚል ነበር። ለተወላጁ ልጅ አምስተኛ ዓመት የሚባል አልነበረውም፤ የትምህርቱ ጣሪያ አራተኛ ክፍል ነበርና።

ይህን መመሪያ የሚያነብ መምህርን በመጀመሪያ የሚያስደነግጠው የመጨረሻው ነጥብ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን በዚህ ጽሑፍ ቆም ብለን ልንመረምረው የምንሻው ሦስተኛውን ነው። ልጅ ገላውን ይታጠብ፣ ልብሱን ያጽዳ፣ የሚጠጣውን ውኃ ይጠንቀቅ ማለት ማንም የማይቃወመው ምክር ነው፤ በእኛም መርሐ ትምህርት ውስጥ አለ። በመሠረቱ ቅኝ ገዥው ለልጆች ያስተማረው ግብረ ገብ በአብዛኛው ክፋት አልነበረም። ንጽሕና፣ ትጋት፣ ሥርዓት ማክበር፣ ምስጋና፣ ታዛዥነት ነበር። እንግዲህ እነዚህ መልካም ነገሮች ምን ቢቀነስባቸው ነው የመግዣ መሣሪያ ሊሆኑ የቻሉት? መልሱ ከሦስተኛው ነጥብ ቀጥሎ በተጻፈው በአራተኛው ውስጥ ያለ ይመስለናል። ንጽሕናና የታሪክ ክልከላ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ አይደለም።

ጉዳዩን ከአምቦና ከወንጪ አካባቢ ቆመን የምንመለከተው፣ ቅኝ ገዥው በኤርትራ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያዳበረውን ዘዴ በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ሌላ የግብረ ገብ ትምህርት ወደ ነበረበት አገር መሆኑ እዚህ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። አካባቢው የሁለት ቋንቋና የሁለት የትምህርት ልማድ መገናኛ ስለሆነ፣ መጻሕፍት አዘጋጆች እስከ ዛሬ የሚቸገሩበት ጥያቄ ሁሉ በትንሹ ተሰብስቦ ይገኝበታል። (በአውሮፓ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው።)

ከወረራው በፊት የነበረው ትምህርት

ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ አለ፤ በሐይቁ ደሴት ላይም የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እንደ ማንኛውም የኢትዮጵያ ደብርና ገዳም ልማድ፣ ልጅ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚማረው ፊደልን ከቆጠረ በኋላ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊትን ነበር። ዳዊት የደገመ ልጅ «ተማረ» ይባላል። ይህ ትምህርት በዘመናዊ የትምህርት ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው ልጁ ትርጉሙን የማያውቀውን የግእዝ ቃል በቃሉ እንዲያጠና ስለሚያደርግ ነው፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ሆኖም በግብረ ገብ በኩል ሲታይ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። መዝሙረ ዳዊት የመታዘዝ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ንጉሡ ራሱ ያለቅሳል፣ ይበደላል፣ ይበድላል፣ ይከሳል፣ አምላኩን «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ያንን የሚደግም ልጅ ከገዥና ከተገዥ በላይ ሌላ ፍርድ እንዳለ ሳይነገረው ይለምደዋል።

የቂርቆስ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነው። ቂርቆስ በትውፊቱ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። እናቱን ኢየሉጣን ይዞ በመኰንን ፊት ሲቀርብ መኰንኑ ያባብለዋል፣ ያስፈራራዋል፣ በመጨረሻም በፈላ ጋን ውስጥ እንዲጣሉ ያዝዛል። እናቲቱ ስትፈራ የሚያጽናናት ሕፃኑ ነው። በሐምሌ 19 ቀን በየዓመቱ ይህን ሲሰማ ያደገ የወንጪ ልጅ፣ ባለ ሥልጣን ሲያዝዘው እምቢ ያለ ልጅ በአካባቢው ትልቁ ቅዱስ መሆኑን ያውቃል። የታዛዥነትን ትምህርት ወደዚህ ደሴት ይዞ ለመጣ ቅኝ ገዥ መቼም ምቹ አጋጣሚ አልነበረም።

ከሐይቁ ዙሪያ ባለው ገበሬ ቤት ደግሞ ልጅ የሚታነጸው በኦሮምኛ ነው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ማዕከል የነበረው ኦዳ ቢሲል በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ይገኛል። ገዳ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፖለቲካው በኩል ቢዳከምም፣ በእድሜ እርከን ለእያንዳንዱ ሰው ተግባርና ክብር የመስጠት አስተሳሰቡ በቤተሰብ ውስጥ አልጠፋም። ሳፉ የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ የዚህ ግብረ ገብ ምሰሶ ነው። ሳፉ በአባትና በልጅ፣ በሰውና በከብት፣ በሰውና በዛፍ መካከል ሊታለፍ የማይገባውን ድንበር ያመለክታል፤ በታላቁም በታናሹም ላይ እኩል ይሠራል። አባት ልጁን ያለ አግባብ ቢያዋርድ ሳፉን ጥሷል ይባላል።

ማምሻውን በእሳት ዙሪያ የሚጠየቀው እንቆቅልሽ፣ በኦሮምኛ ሂቦ፣ ከዚህ ጋር መታየት ይገባዋል። በአማርኛም በኦሮምኛም ጨዋታው አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። የሚሰጠው አገር በጠያቂው ካልተወደደ ሌላ ይጠየቃል። ይህን በሥርዓተ ትምህርት ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ልጅ ጠያቂና ፈራጅ የሚሆንበት የተፈቀደ ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ስንል የቀድሞውን አኗኗር ሁሉ ልናሞግስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው በረኃብና በግርፋት ይማር ነበር፤ ሴት ልጅ ከፊደል ትርቅ ነበር፤ የባላባትና የጭሰኛ ልጅ በአንድ ምድጃ አይቀመጡም ነበር። ነጥቡ፣ ልጁ ባዶ ዕቃ ሆኖ ቅኝ ገዥውን እንዳልጠበቀ ለማሳየት ነው።

ሁለት ማተሚያ ቤቶች

ኢጣሊያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ያወጀችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በዚያች ቅኝ ግዛት ውስጥ ለተወላጅ ልጆች መጽሐፍ ያተሙ ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ የሁለቱን ሥራ ማነጻጸር ለእኛ ለመጽሐፍ አዘጋጆች ከብዙ ንድፈ ሐሳብ ይበልጣል።

አንደኛው በምፅዋ አጠገብ በሞንኩሎ፣ በኋላም በአሥመራ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ነው። ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በዚያ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1894 በግእዝ ፊደል የኦሮምኛ ጀማሪ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የፊደል ማስተማሪያ ቢሆንም አብዛኛው ገጹ አስቴር ከትዝታዋ ለቅማ በጻፈቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች የተሞላ ነው። ልጁ ፊደል የሚቆጥረው በእናቱ ቤት በሰማው ነገር ነው ማለት ነው። ኦነሲሞስ በኋላ ወደ ነቀምት ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ ማስተማራቸው የታወቀ ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም የአማርኛ ሰዋስዋቸውን በሞንኩሎ፣ የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ የሚናገረውን መጽሐፋቸውን ደግሞ በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ ያሳተሙት በዚሁ ሚስዮን ነው። በኢጣሊያ ባንዲራ ሥር የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ መታተሙ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። ሚስዮኑ የራሱ ሃይማኖታዊ ዓላማ ነበረው፤ ነገር ግን የልጁን ትዝታ እንደ ቆሻሻ አልጠረገም። ጦርነቱ ሲቃረብ ሚስዮናውያኑ ከኤርትራ እንዲወጡ ተደረገ።

ሁለተኛው ወገን አስተዳደሩ ራሱና ከእርሱ ጋር የሠራው የካቶሊክ ሚስዮን ነው። የካቶሊክ ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ ያሳተመው ለተወላጆች የተዘጋጀ መማሪያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚህ መስመር በወጡት መጻሕፍት ውስጥ የኢጣሊያ ታላቅነትና ደግነት በስፋት ይነገራል፤ ልጁም በዚያ ባንዲራ ጥላ ሥር በመሆኑ እድለኛ እንደሆነ ይነገረዋል። አክሱም የት እንደ ነበረች፣ አባቶቹ ማን እንደ ነበሩ ግን የልጁ ጉዳይ አይደለም። ፌስታ የተባለው የቅኝ ግዛቱ የትምህርት ሹም ዓላማውን አልደበቀም። ተወላጁ ልጅ ስለ ኢጣሊያ ሥልጣኔ ጥቂት አውቆ በቤተሰቡ ዘንድ የሚያወራ፣ በኢጣሊያም ባንዲራ ሥር አውቆ የሚሰለፍ ወታደር ይሆን ዘንድ ነው የሚማረው ብሎ ጽፏል። በ1928ቱ ወረራ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን አስካሪዎች መሰለፋቸውን ስናስታውስ ይህ ባዶ ቃል እንዳልነበረ እንረዳለን።

የታዛዥነት ሰዋስው

ይህ ዓይነቱ አዘገጃጀት የኢጣሊያ ብቻ አልነበረም። ፈረንሳዮች ለምዕራብ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1916 ያሳተሙት «ሙሳና ጂግላ» የተባለ የንባብ መጽሐፍ የሁለት ጥቁር ልጆችን ጉዞ ይተርካል። ትረካው ደስ ይላል፤ ልጆቹ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ከተማ ያያሉ፣ የእጅ ሥራ ይማራሉ። በመካከሉ ግን ለጥቁር ሰው ነጭን ማገልገል ጥቅም ነው፣ ነጩ በእውቀት የቀደመ ስለሆነ በእርሱ ረዳትነት ጥቁሩ ፈጥኖ ይሠለጥናል የሚል ትምህርት ይገባል። ትሕትናና ትጋት የሚሰበኩት በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት አንድ የጋራ ሰዋስው ማውጣት ይቻላል። የግሱን ባለቤት ፈልጉ። የሚያስተምር፣ የሚያክም፣ መንገድ የሚሠራ፣ ሰላም ያመጣ ማን ነው? ሁልጊዜ የውጭው ሰው ነው። ልጁ በአረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሳቢ ነው፤ ይታከማል፣ ይማራል፣ ይመከራል። ባለቤት የሚሆነው በትእዛዝ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ታጠብ፣ ታዘዝ፣ አመስግን። ይህን ለማረም ሁለት ሦስት አረፍተ ነገር መለወጥ አይበቃም፤ ምክንያቱም ልጁ እንዳያገኘው የተደረገው ነገር ከገጹ ውጭ ነው። ታሪክ ያለው ልጅ የሚመስለው ሰው አለው። ስለ ድፍረት ሲነገረው አንድ ደፋር ዘመድ ትዝ ይለዋል፤ ስለ ፍርድ ሲነገረው አንድ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይታዩታል። ታሪክ የተነፈገው ልጅ ግን መልካም ለመሆን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የሰጠውን ማመስገንና ያዘዘውን መታዘዝ። የአራተኛው ነጥብ ክልከላ ለሦስተኛው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ንጽሕና በተለይ የተመረጠበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም። ንጽሕና ሲሰበክ ንጹሕ ያልሆነ ሰው መኖሩ ይታሰባል፤ በመጽሐፉ ዓለም ይህ ሰው የልጁ እናት ናት። ልጁ የጤና ደንብን «በቤተሰቡ ዘንድ የሚሰብክ» እንዲሆን ሲፈለግ፣ ወላጆቹን በሌላ ሰው ዓይን መመልከት እንዲጀምር መጠየቁ ነው። ጤና ጥሩ ነገር ነው፤ የእናቱን ሥራ የሚንቅ ልጅ ግን በደንቡ የታጠበ ባዳ ይሆናል።

ከ1928 እስከ 1933

የኢጣሊያ መንግሥት ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ባወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት መቋቋሚያ ሕግ የተወላጆች ትምህርት በየግዛቱ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። በኤርትራ ትግርኛ፣ በአማራ ግዛት አማርኛ፣ በአዲስ አበባ አማርኛና ኦሮምኛ፣ በሐረር ሐረሪና ኦሮምኛ፣ ጅማ ዋና ከተማው በሆነው ግዛት ኦሮምኛና ከፍኛ፣ በሶማሊያ ሶማልኛ ተመደቡ። ከሁለት ወር በታች በሆነ ጊዜ፣ ሐምሌ 17 ቀን፣ የወጣው ሌላ ድንጋጌ ደግሞ ትምህርት ቤቶችን በሁለት ከፈለ፤ የኢጣሊያ ዓይነት ትምህርት ቤቶችና የቅኝ ተገዥዎች ትምህርት ቤቶች።

የወረራው መጀመሪያ ሰሞን በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች የነበሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ቢሆኑም የአገሪቱ ተስፋ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን፣ በ1923 የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለኢጣሊያውያን ልጆች ተሰጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ደግሞ የተማሩ ወጣቶች ተለይተው ታደኑ። ለሕፃናት የግብረ ገብ መጽሐፍ የሚያዘጋጀው መንግሥትና ፊደል የቆጠረውን ወጣት የሚገድለው መንግሥት አንድ መሆኑን መርሳት አይገባም። ቦምቡን የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ሁለቱም የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ለኢጣሊያኖች አስተርጓሚ ሆኖ ሮም የሄደውና በሰኔ 1930 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ሰይፍ የመዘዘው ዘርአይ ደረስም እንዲሁ። የምስጋናው ትምህርት በሁሉም ላይ እንዳልሠራ ከዚህ ይታያል።

በቋንቋው ጉዳይ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎቻችን በአንድ ቃል ያልፉታል። ፋሺስቱ ኦሮምኛን ለትምህርት የፈቀደው ሕዝቡን በቋንቋና በሃይማኖት ከፋፍሎ ለመግዛት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የወንጪ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ መማሩ ትክክል መሆኑ በፋሺስቱ ክፉ ዓላማ አይሻርም። ከነፃነት በኋላ ግን ዓላማውን ከመንቀል ይልቅ ቋንቋውን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ቀለለ፤ የዚህን ዋጋ የከፈለው ልጁ ነው።

ወረራው በምዕራብ ሸዋ ጥርሱን የተከለው በከተሞችና በመንገዶች ዳር ነው። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባን ከነቀምት ጋር የሚያገናኘውን መንገድ በአምቦ፣ ከጅማ ጋር የሚያገናኘውን በወሊሶ በኩል ዘረጉ። ወንጪና ደንዲ በሁለቱ መካከል ከፍ ብለው ይቀራሉ። ምሽጉ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ የሚከተሉት መንገዱን ነው፤ ከመንገዱ ወጣ ሲሉ የአርበኛው አገር ነው። በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ በጅባትና ሜጫ በኩል ጃገማ ኬሎ ይዘውት ነበር። ጃገማ ኬሎ በ1913 ዓ.ም. በደንዲ የተወለዱ ሲሆን ለአርበኝነት ጫካ ሲገቡ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በቅኝ ገዥው ሥርዓት ቢያዝ ኖሮ አራተኛ ክፍልን ፈጽሞ፣ የጤና ደንብ ሰባኪ ሆኖ፣ ምናልባትም ለአስካሪነት የሚመለመልበት ጊዜ ነበር። እርሳቸው ግን ከእርሳቸው በዕድሜ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችን መሩ። በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሰው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ታላላቆቹ ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ መታዘዛቸው፣ ክብርን በትውልድና በተግባር የሚመዝን አስተዳደግ ባይኖር ኖሮ የሚታሰብ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ መጽሐፍም መምህርም አልነበረም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቻችን እንግሊዝኛ ያነበቡት ለብሪታንያ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች በተዘጋጁ መጻሕፍት ነው። ከአንዱ ቅኝ ገዥ የተረፈ ልጅ የሌላውን ቅኝ ገዥ የንባብ መጽሐፍ ተቀበለ። በችግር ምክንያት የተደረገ ስለሆነ መውቀስ አይገባም፤ ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰዋስው ከላይ ከገለጽነው ብዙ አይለይም ነበር።

ግብረ ገብ በአማርኛ ራሱን የቻለ ትምህርት ሲሆን የራሳችን ሰዎች ያዘጋጁት ሆነ፤ ታሪክም ተመለሰ። ታሪክ ግን የተመለሰው በአንድ በር ብቻ ነው። የአምቦ ልጅ ስለ አድዋና ስለ ነገሥታቱ ተማረ፤ ስለ ኦዳ ቢሲል ግን አልተማረም፤ አምቦም በትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ ሀገረ ሕይወት ተባለች። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ «ጨዋ ሁን» የሚለውን ትእዛዝ ገና በማይገባው አማርኛ ሰማ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግብረ ገብ በፖለቲካ ትምህርት ተተካ፤ ምስጋናው ለአብዮቱ ሆነ እንጂ የግሱ ባለቤት ያው የበላይ አካል ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች፣ በኦሮምኛም ጭምር፣ ማስተማሩ የሚመሰገን ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እንዲማር ፈቀደ፤ የወንጪ ልጅም ዛሬ በኦሮምኛ ይማራል። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ፤ በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርትም ግብረ ገብ በስሙ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ተመልሷል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስላለፈ ነገር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዓመት የሚጻፍ ገጽ አለ።

በምሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ለሠልጣኞች አንድ ልምምድ እሰጣለሁ። ከማንኛውም የመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ አንድ የግብረ ገብ ገጽ ወስደው በልጁ ላይ የሚሠሩትን ግሶች በቀይ፣ ልጁ ራሱ የሚሠራቸውን በሰማያዊ ያሰምሩባቸው። ከዚያም ሰማያዊዎቹን ሁለት ቦታ ይክፈሉ፤ ልጁ ታዞ የሚሠራቸውና ልጁ አስቦ የሚሠራቸው። ገጹ በማን ዘመን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ አስቀድሜ አልነግራቸውም። ብዙ ጊዜ በዘመኑ ላይ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ራሱ የሚበቃ ትምህርት ነው። ጥቂቶች ሠልጣኞች ግን ደስ አይላቸውም። «ልጅ መታዘዝ የለበትም ወይ?» ይላሉ። መታዘዝ አለበት። እሳት የሚነካ ሕፃን የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። የሚጠየቀው መጽሐፉ ነው፤ ልጁን ከመታዘዝ አልፎ የት ያደርሰዋል? ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባሉት መጻሕፍት ውስጥ ልጅ ፍርድ የሚሰጥበት አንድ ምዕራፍ ከሌለ፣ በ5ኛ ክፍል በድንገት ዴሞክራሲ ብንለው ቃሉን ከማጥናት አያልፍም።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ተጨባጭ ሐሳብ ለማቅረብ ያህል፣ የየወረዳው መምህራን ለግብረ ገብ ትምህርት አጋዥ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ከንጽሕናና ከትሕትና ርእስ ጀምረው ምሳሌ ከመፈለግ ይልቅ ከአካባቢው ሰዎችና ሥራዎች ቢነሡ ይሻላል። በአምቦና በወንጪ ዙሪያ የሐይቁን ውኃ የሚጋሩ መንደሮች የሚስማሙበት ልማድ አለ፤ ሽምግልና አለ፤ ሴቶች ሲንቄ ይዘው የሚያስቆሙት ጠብ አለ። ከእነዚህ ንጽሕናም፣ እውነትም፣ መታዘዝም ይወጣሉ፤ ነገር ግን ስም ካለው ሰው ጋር ይወጣሉ። በሴት ልጅ በኩል በተለይ ይህ ያስፈልጋል፤ ቅኝ ገዥውም እኛም በጻፍናቸው ገጾች ላይ እርሷ ከእናቷ ጋር ወጥ ስትሠራ ብቻ ትታያለችና።

ንድፉን ከባዶ ወረቀት መጀመር አያሻም። አስቴር ጋኖ በሞንኩሎ የሠራችበት የ1894ቱ መጽሐፍ ዛሬም ሊነበብ ይችላል። ፊደሉን ወደ ቁቤ መመለስ፣ አንዳንድ ያረጁ ቃላትን ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። እንቆቅልሾቹ ግን ማስረጃ አይሹም። ልጁ ይጠይቃል፤ መምህሩ መልሱን ካላወቀ አገር ይሰጣል፤ ልጁም አምቦን አልፈልግም፣ ወሊሶን ስጠኝ ሊል ይችላል።